ሻራስ የሚበልጠው በተጫዋችነቱ ነው በአሰልጣኝነቱ?

ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሻዬን ይዤ የድሮ የዩሮሊግ፣ ማለትም የአውሮፓ ክለቦች ትልቁ የቅርጫት ኳስ ውድድር፣ ጨዋታዎች እያየሁ ነበር። ቅርጫት ኳስ እኛ ዘንድ ብዙ ወዳጅ የለውም። ስለ አርሰናል ብጽፍ ኖሮ በአምስት ደቂቃ መቶ ሰው ይሰድበኝ ነበር። ስለ አንድ የሊትዌኒያ ሰው ስጽፍ ግን ሦስት ሰው ካነበበኝ ይበቃኛል ብዬ ነው እዚህ መድረክ ላይ የለጠፍኩት። በሁለት ቀን ውስጥ ከሃያ በላይ ምላሽ ጎረፈ። ያመለጣችሁ ስላላችሁ ማን ምን እንዳለ በተራ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመክፈቻው ጽሑፌ ባጭሩ ይሄ ነው። ሻሩናስ ያሲኬቪቹስ፣ ሰው ሁሉ ሻራስ የሚለው፣ በ1976 ካውናስ ተወለደ። እናቱ የእጅ ኳስ ተጫዋች ነበረች። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ነው፤ ለሰፈራችን ረጅም፣ ለቅርጫት ኳስ ግን ተራ። በተጫዋችነቱ አራት የዩሮሊግ ዋንጫ ከሦስት ክለብ ጋር ወሰደ፦ በ2003 ከባርሴሎና፣ በ2004 እና በ2005 ከማካቢ ቴል አቪቭ፣ በ2009 ከፓናቲናይኮስ። ከዚያ አሰልጣኝ ሆነና በ2025 ፌነርባቼን ይዞ ያንኑ ዋንጫ አነሳ። እኔ ያልኩት አሰልጣኙ ከተጫዋቹ ይበልጣል ነው። ሲጫወት ጎኑ ምርጥ ምርጥ ሰው ነበረው፣ አሰልጣኝነቱን ግን ከታች ነው የጀመረው አልኩ። ደፈር ብዬም በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም ይህን ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው ሰው ነው ብዬ ጨመርኩ። እዚህ ጋ ነው ጉድ የፈላው።

ምላሽ 1። ጨዋ ሰው ነው። አመሰገነኝ። ከሊትዌኒያ የሚያውቀው የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን አርቪዳስ ሳቦኒስን ብቻ እንደሆነ ነገረኝና የሰውዬው የአባት ስም እንዴት እንደሚነበብ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። ሁሉም ወደ ምላሽ 2 ሮጠ።

ምላሽ 2። በትህትና ነው ልክ ልኬን የነገረኝ። ወንድሜ ብሎ ጀምሮ ስቬቲስላቭ ፔሺችን እንደረሳሁ አስታወሰኝ። ፔሺች በ1979 ከሳራዬቮው ቦስና ጋር ተጫዋች ሆኖ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል። በ2003 ደግሞ በአሰልጣኝነት ወስዷል። ከማን ጋር? ከባርሴሎና ጋር! ሻራስ ሜዳ ላይ ኳስ ሲያከፋፍል ዳር ቆሞ ያዝዝ የነበረው ሰውዬ ማለት ነው። ሻራስ በ2020 ባርሴሎናን ሲረከብም ቦታውን የለቀቀለት ያው ፔሺች መሆኑን ጨመረልኝ። ምን ልበል? ይቅርታ ጠይቄ ዓረፍተ ነገሩን ሰረዝኩ። እኔ እኮ ያንን ፍጻሜ አይቼዋለሁ።

ምላሽ 3 ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሰውዬው በ1990ዎቹ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቀን እየተማረ ማታ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር። ሻራስ በልጅነቱ ወደ ፔንሲልቬኒያ መጥቶ ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሰና ከ1994 እስከ 1998 በአሰልጣኝ ጋሪ ዊሊያምስ ሥር ለሜሪላንድ እንደተጫወተ አስረዳን። ቅርጫት ኳስ ፈልጎ ሳይሆን አንድ የካቲት ብርዱ አጥንቱ ድረስ ሲገባበት ለመሞቅ ብሎ ነው የዩኒቨርሲቲው የጨዋታ አዳራሽ፣ ኮል ፊልድ ሀውስ፣ የገባው። ያየውን እስካሁን አልረሳም። አንድ ነጣ ያለ ቀጭን ልጅ ኳሱ እሱ ጋ በሌለበት ሰዓት በጣቱ ጓደኞቹን ወዲህ ሂድ፣ ወዲያ ቁም ይላል። የሚሰማው ግን አልነበረም። ያኔ ሻራስን የሚያጫውቱት ከዳር ሆኖ እንዲወረውር እንጂ ጨዋታውን እንዲመራ አልነበረም። በ1998 ኤንቢኤ፣ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጥ አንድም ቡድን ስሙን አልጠራም። ሰውዬው የፓርኪንግ ጃኬቱን ሳያወልቅ ሁለተኛውን አጋማሽ ሙሉ ቆሞ እንዳየና አለቃው እንደተቆጣው ጽፎ ጨረሰ። ወደድኩት።

ምላሽ 4 ነው ድባቡን የቀየረው። ይሄኛው ለኤንቢኤ ያልሆነ ተጫዋች እንዴት ታላቅ ይባላል ባይ ነው። ሻራስ በ2005፣ በ29 ዓመቱ፣ ኢንዲያና ፔሰርስ ገባ። በጥር 2007 ስምንት ተጫዋቾች በተለዋወጡበት ዝውውር ወደ ጎልደን ስቴት ተላከ። በዚያው ዓመት ደግሞ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። በቃ፣ አለቀ። ሰው መከላከል አይችልም፣ እግሩ ዘገምተኛ ነው፣ አሜሪካ ይሄን አይታ ሸኘችው ሲል ደመደመ። የአውሮፓ ዋንጫ ስትቆጥሩ ኑሩ ዓይነት ንቀት ነበረበት። እውነት ለመናገር ስለ እግሩ ያለው ልክ ነው።

ምላሽ 5 በንዴት መጣ። አቴንስ 2004ን ረሳኸው ወይ አለው። ሊትዌኒያ በምድብ ጨዋታ አሜሪካን 94 ለ 90 ያሸነፈች ጊዜ ሻራስ ብቻውን 28 ነጥብ አስቆጥሯል። የምትላቸው የኤንቢኤ ሰዎች ፊቱ ቆመው ነበር፣ ለምን አላስቆሙትም ሲል ጠየቀ።

ምላሽ 6 አጭር ነው፣ ግን ስለት አለው። በዚያው ኦሎምፒክ ለነሐስ ሲገናኙ አሜሪካ ሊትዌኒያን 104 ለ 96 እንደመለሰቻት አስታወሰ። ግማሹን ታሪክ እየነገራችሁ አትሳደቡ አለ። ምላሽ 5 ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

ምላሽ 7 ረጅም ነው፤ ሦስቴ አንብቤዋለሁ። የጻፉት ጋሼ ጡረተኛ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። ወደ ሲድኒ 2000 መለሱን። ግማሽ ፍጻሜ፣ ሊትዌኒያ ከአሜሪካ። የኤንቢኤ ተጫዋቾች በ1992 ኦሎምፒክ ከገቡ ወዲህ አሜሪካ እንዲህ ተጨንቃ አታውቅም ነበር። ሻራስ 24 ዓመቱ ነው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ማንም ያልመረጠው ልጅ። 27 ነጥብ አስቆጥሯል። አሜሪካ 85 ለ 83 እየመራች ኳሱ መጨረሻ ላይ እሱ እጅ ገባ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ሆኖ ወረወረ። ቢገባ የኦሎምፒክ ታሪክ ይገለበጣል። አጠረች። ጋሼ ስለ ኳሷ ብዙም አላሉም። እሳቸው ያዩት ሌላ ነው፦ መጨረሻዋን ኳስ የሰጡት ለልጅ እግሩ ነው፣ እሱም ወደ ሌላ ሰው አላሳለፈም። አርባ ዓመት ተማሪ አሰልጥነው በመጨረሻዋ ሰከንድ ኳሱን ከማይሸሹ ልጆች በእጃቸው ጣት የሚቆጠሩ ብቻ እንዳጋጠሟቸው ጻፉ። ሊትዌኒያ ነሐስ ይዛ ተመለሰች። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ ስቶክሆልም ላይ ስፔንን 93 ለ 84 አሸንፋ ከ1939 ወዲህ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ አነሳች። የውድድሩ ኮከብ ያው ሻራስ ነበር።

ምላሽ 8 ሲድኒ የሚለውን ቃል ሲያይ ሌላው ሁሉ ጠፋበት። ያኔ ቴሌቪዥን የተከፈተው ለሩጫ እንጂ ለኳስ እንዳልነበረ፣ ከዚያ ግማሽ ፍጻሜ በማግስቱ ደራርቱ 10 ሺውን፣ ሚሊዮን ወልዴ 5 ሺውን እንዳሸነፉ ጻፈ። ከዚያ የኃይሌና የፖል ቴርጋት ነገር ተነሳ። አምስት ስድስት ሰው ወደዚያ ነጎደ። እነሱን አልቆጠርኳቸውም። እኔም ግን የኃይሌን የመጨረሻ መቶ ሜትር ከፍቼ ማየቴ አልቀረም።

ምላሽ 9 ወሬውን ወደ ሻራስ መለሰችው። ናታንያ ያደገች፣ ወላጆቿ ከጎንደር ወደ እስራኤል የሄዱ ሴት ናት። ጽሑፏ ሚያዝያ 8 ቀን 2004 ላይ ይጀምራል። የአይሁድ ፋሲካ ሳምንት ነው። ቤት ውስጥ ቂጣ እንጂ እንጀራ የለም። ሰው ሁሉ አንድ ክፍል ተጨናንቆ ማካቢን ያያል። ያ ዓመት የዩሮሊጉ ፋይናል ፎር፣ ማለትም የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች በአንድ ከተማ የሚለዩበት ውድድር፣ ቴል አቪቭ ነበር የተዘጋጀው። ማካቢ በገዛ ከተማው ድግስ ላይ ለመገኘት ያን ምሽት ማሸነፍ አለበት። ተጋጣሚው ማን ነው? የካውናሱ ዣልጊሪስ። የሻራስ የትውልድ ከተማ ቡድን። እዚያ ውስጥ ደግሞ ሳቦኒስ ከአሜሪካ ተመልሶ ይጫወታል።

ሁለት ሰከንድ ገደማ ሲቀር ዣልጊሪስ በሦስት ነጥብ ይመራል። አጎቷ ተነስቶ ጫማውን ማድረግ ጀምሯል። የማካቢው ጉር ሸለፍ ከሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ኳሱን እንደ ድንጋይ ወረወረው። ዴሪክ ሻርፕ ያዘው፣ አነጠረ፣ ተኮሰ፣ ገባ። እኩል ሆኑ። በተጨማሪ ሰዓት ማካቢ 107 ለ 99 አሸነፈ። አያቷ ስለ ኳስ ምንም የማያውቁ ሴት ናቸው፤ ሰው ሲጮህ ደንግጠው እልል አሉ፣ ከዚያ ማን እንደወለደ ጠየቁ። አጎቷ አንድ እግሩ በጫማ፣ አንዱ በካልሲ ደረጃ ወርዶ ጎረቤት አቀፈ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ማካቢ በፍጻሜው የቦሎኛን ቡድን 118 ለ 74 ቀጠቀጠው። እሷ ግን የፍጻሜውን ትዝታ እንዳትጠይቁኝ አለች። ያን ሌሊት ከጨዋታው በኋላ የሻራስን ፊት ፈልጋ እንደነበር ጻፈች። የገዛ ከተማውን አስለቅሶ ያስተኛ ሰው ምን እንደሚሰማው ማወቅ ፈልጋ።

ምላሽ 10 ይህንኑ ያዘና ካውናስ እንደ ከሃዲ አላየውም ወይ ሲል ጠየቀ። ምላሽ 11 መለሰለት። ሻራስ ከአሜሪካ ሲመለስ መጀመሪያ የፈረመው ለዣልጊሪስ ባላንጣ፣ ለቪልኒዩሱ ሊየቱቮስ ሪታስ ነበር። ስለዚህ ካውናሶች ቂሙን የጀመሩት ከማካቢ በፊት ነው። ግን በ2013 ከስንት አገር ዙረት በኋላ ዣልጊሪስ ገብቶ አንድ ዓመት ተጫውቶ ጫማውን ሰቀለ። በዚያው ክለብ ረዳት አሰልጣኝ ሆነ። በጥር 2016 ዋናውን ወንበር ሰጡት። ምላሽ 11 ልጅ ከቤቱ ቢጣላም ለምሳ ይመጣል ብሎ ዘጋው።

ምላሽ 12 የኔን ወገን ያዘ፣ ተመስገን። ስለ 2018 ጻፈ። የዣልጊሪስ ገንዘብ ከነሪያል ማድሪድና ከነሲኤስኬኤ ሞስኮ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሻራስ የያዘው ሌሎች ችላ ያሏቸውን ልጆችና ፓውልዩስ ያንኩናስን የመሰለ የቤት ሰው ነው። ኦሊምፒያኮስን በሩብ ፍጻሜ 3 ለ 1 ረትተው ቤልግሬድ ላይ ፋይናል ፎር ገቡ። ዣልጊሪስ እዚያ ከደረሰ ዋንጫውን ከወሰደበት ከ1999 ወዲህ 19 ዓመት ሆኖት ነበር። በግማሽ ፍጻሜ በፌነርባቼ ተሸነፉ። ለሦስተኛ ደረጃ ግን ሲኤስኬኤን 79 ለ 77 ጣሉት። አንድም ኮከብ ሳይኖራቸው ኳሷ ከእጅ ወደ እጅ ስትሄድ ማየት ሌላ ዓይነት ደስታ ነበር አለ። እኔም እላለሁ። የዚያን ዓመት ዣልጊሪስ ኳስ የያዘው ሰው ሳይሆን ያልያዙት አራቱ ናቸው የሚታዩት። ማንም ቆሞ አያይም።

ምላሽ 13 ትምህርቱን ከየት አመጣው የሚለውን አነሳ። መልሱ ዤልኮ ኦብራዶቪች ነው አለ፣ ዘጠኝ ዩሮሊግ የወሰደው አሰልጣኝ። ሻራስ ከኤንቢኤ ሲመለስ በ2007 ፓናቲናይኮስ ገብቶ በሱ ሥር ተጫወተ። በ2009 በርሊን ላይ ሲኤስኬኤን 73 ለ 71 አሸንፈው ዋንጫ ወሰዱ። በ2018 ቤልግሬድ ላይ ሻራስን የጣለው የፌነርባቼ አሰልጣኝ ማን ነበር? ያው ኦብራዶቪች። ፌነርባቼ ከ2025 በፊት አንዴ ብቻ ነው ይህን ዋንጫ የወሰደው፣ በ2017፣ በሱ ጊዜ። ሁለተኛውን ያመጣላቸው ደቀ መዝሙሩ ነው። እዚህ ላይ ምላሽ 13 አንድ ነገር ጣል አደረገ፣ እኔም አላስተዋልኩትም ነበር። በ2025 ፍጻሜ የተጋጣሚው የሞናኮ አሰልጣኝ ቫሲሊስ ስፓኑሊስ ነበር። በ2009 በርሊን ላይ ሁለቱ አንድ ማልያ ለብሰው ነው ያሸነፉት።

ምላሽ 14 ላይ ሰላማችን አበቃ። ጸሐፊዋ የሻራስን የታይም አውት፣ ማለትም አሰልጣኝ ጨዋታ አስቁሞ ተጫዋቾቹን የሚያናግርበት ጊዜ፣ ቪዲዮዎች አይታ አፍራለች። ደም ሥሩ ተገታትሮ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ አዋቂ ሰዎችን በእንግሊዝኛ ስድብ ሲያጥባቸው። ይሄ ነው የምታደንቁት ወይ አለችን። ልጅ ሆና መረብ ኳስ ስትጫወት ስሙን የማትጠራው ትምህርት ቤት አንድ አሰልጣኝ ነበራት። ሰርቭ ስታበላሽ ክፍሉ በሙሉ ፊት ይሰድባት ነበር። አንድ ቀን ቁምጣዋን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለት ወጣች። ከዚያ ወዲህ ኳስ አልነካችም። ማሸነፍ ለሁሉ ነገር ፈቃድ አይሰጥም አለች።

ምላሽ 15 የመለሰላት ሦስት ልጆች ያሉት አባት ነው። በ2017 የተናገረውንስ ሰምተሻል ወይ አላት። ዣልጊሪስ የሊትዌኒያ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሳለ ብራዚላዊው አውጉስቶ ሊማ ሚስቱ ልትወልድ ስለሆነ ፈቃድ ጠይቆ ሄደ። አንድ ወጣት ጋዜጠኛ በጋዜጣዊ መግለጫ ይሄ ነገር እንዴት እንደሚታየው ሻራስን ጠየቀው። ሻራስ ዝም ብሎ አየው። ልጅ አለህ ወይ ሲል መልሶ ጠየቀው። ከዚያ ልጅ ሲኖርህ ይገባሃል፣ ሰው ከዚህ የበለጠ ነገር አያይም፣ ዋንጫም ቢሆን የሚወዳደረው ነገር አይደለም የሚል መልስ ሰጠው። ቪዲዮው ዓለምን ዞሯል። ምላሽ 15 የመጀመሪያ ልጁ ሲወለድ አለቃው ፈቃድ ከልክሎት ሥራ ላይ እንደነበር፣ ይሄን ቪዲዮ ሲያይ ቢሮ ውስጥ ዓይኑን እየጠረገ እንደተያዘ ጻፈ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፣ ጥሩ አደረገ።

ምላሽ 16 ያችው ሴት ናት። አንዱ ሌላውን አይሰርዝም አለች። ሊማን ሸኝቶ የቀሩትን መስደብ ይቻላል። ምላሽ 15 ተናደደ፣ ስፖርት የማያውቅ ሰው አላት። እሷም ልጅ ያለው ሰው ሁሉ አስተማሪ አይሆንም አለችው። ጋሼ መሀል ገብተው ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ፣ ተዉ ባይሉ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። በኔ ቤት እሷ ትክክል ናት። ቪዲዮውን ደጋግሜ የማይ ሰው ስለሆንኩ ይሄን ስጽፍ ትንሽ ያመኛል።

ምላሽ 17 ከባርሴሎና ነው፣ እዚያ ሰባት ዓመት የኖረ ልጅ። የኔን ክርክር እንዳለ ናደው። አሰልጣኙ ከታች ጀመረ ትላለህ፣ ባርሴሎና ላይስ ምን አጣ? ሲል ጠየቀ። ገንዘብ ነበረው፣ ሚሮቲች ነበረው፣ ካላቴስ ነበረው። በ2021 ፍጻሜ በአናዶሉ ኤፌስ 86 ለ 81 ተሸነፈ። በ2022 ግማሽ ፍጻሜ በሪያል ማድሪድ ተሸነፈ። በ2023 ፋይናል ፎሩ ካውናስ ተዘጋጀ። የትውልድ ከተማው! አዳራሹን ያውቀዋል፣ ሕዝቡ ያውቀዋል። በሪያል ማድሪድ እንደገና ተሸነፈ። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ፋይናል ፎር፣ ዜሮ ዋንጫ። ተጫዋቹ ቢሆን ኖሮ ከሦስቱ አንዱን ይወስድ ነበር ሲል ጻፈ። መልስ አጣሁ። የማውቀውን ነገር ነው መልሶ የነገረኝ፣ እኔ ግን ለክርክሩ እንዲመቸኝ ዘልዬው ነበር።

ምላሽ 18 ሊያግዘኝ ሞከረ። የስፔን ሊግን በ2021 እና በ2023 እንደወሰደ ቆጠረ። ሁለቱንም ከሪያል ማድሪድ ላይ። በ2021ዱ ቡድን ውስጥ ፓው ጋሶል ነበር፣ 40 ዓመቱ፣ ከኤንቢኤ ተመልሶ። ጋሶልና ሻራስ በ2000 እና 2001 ባርሴሎና ውስጥ አብረው የተጫወቱ ናቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላው ቆሞ ያዝዘዋል። ቆንጆ ወግ ነው። ግን ለምላሽ 17 መልስ አይሆንም፣ እሱም ይህንኑ ነገረው።

ምላሽ 19 ከአቡ ዳቢ። እኔ በበኩሌ ይሄን ውይይት የከፈትኩት ለዚህ ሰው እንደሆነ ነው የተሰማኝ። ሹፌር ነው። ግንቦት 25 ቀን 2025፣ የዩሮሊጉ ፍጻሜ ዕለት፣ የፌነርባቼን ቢጫና ጥቁር ሰማያዊ የለበሱ አራት ቱርኮች ጭኖ ያስ ደሴት ወዳለው ኢቲሃድ አዳራሽ ወሰዳቸው። መንገዱን ሙሉ ዘፈኑ። ስለምን እንደሆነ አልገባውም፣ ግን ማጨብጨብ አላቃተውም። ሲመለሱ እንዲጠብቃቸው ተስማምተው አንገት ልብስ ሰጡት፤ በዚያ ሙቀት የሱፍ አንገት ልብስ። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ኤሲ ከፍቶ በስልኩ ማየት ጀመረ። ባትሪው 12 በመቶ ነበር። ቅርጫት ኳስ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ዳር ላይ የሚንጎራደደውን ሰውዬ ሲያይ የሒሳብ አስተማሪው ትዝ አሉት፤ ልጆቹ መልሱን እያወቁ ሲሳሳቱ የሚናደዱት ዓይነት። ናይጄል ሄይስ ዴቪስ 23 ነጥብ አስቆጥሮ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። ፌነርባቼ 81 ለ 70 አሸነፈ። ስልኩ ግን ከዚያ በፊት ጠፍቷል። ውጤቱን ያወቀው ቱርኮቹ እያለቀሱ ሲመጡ ነው። መጀመሪያ የተሸነፉ መስሎት አይዟችሁ አላቸው፣ በአማርኛ። አቀፉት። አንገት ልብሱ እስካሁን መኪናው ኋላ መስታወት ላይ ተንጠልጥሏል። ፎቶ አንስቶ ለጥፎልናል፤ አቧራ ይዞታል።

ምላሽ 20 የኤንቢኤው ሰውዬ ነው፣ ምላሽ 4። ተመለሰ። ትንሽ ለዝቧል። በኤንቢኤ ተጫዋችነቱ አቋሜን አልቀይርም፣ አሰልጣኝነቱ ላይ ግን አልከራከርም አለ። ከዚያ አላስቻለውም መሰለኝ አንድ ነገር ጨመረ፦ ዘገምተኛ እግር ላለው ሰው አሰልጣኝነት ጥሩ ሥራ ነው፣ ዳር ቆመህ አትሮጥም። ቀልዱ ነበር። እኔ ግን ያዝኩት።

ምላሽ 21 ከሦስት ሚሊዮን የማይሞላ ሕዝብ ያላት አገር እንዴት ይሄን ሁሉ ሰው ታወጣለች አለና ካውናስን ከበቆጂ ጋር አወዳደረ። በቆጂ ልጁ ሁሉ ይሮጣል፣ ካውናስ ልጁ ሁሉ ይወረውራል። በ1988 ሴኡል ላይ ሶቪየት ኅብረት በቅርጫት ኳስ ወርቅ ስታገኝ የቡድኑ ምሰሶዎች አራት ሊትዌኒያውያን እንደነበሩ ጠቀሰ። እነሱ በማግስቱ የራሳቸው አገር ኖሯቸው በ1992 ባርሴሎና ነሐስ ወሰዱ። ማግስቱ የሚለውን ቃል አራት ዓመት ነው ብሎ ያረመው ሰው አልጠፋም። ይሄ መድረክ እንዲህ ነው።

ምላሽ 22 እኔን ነው የጠየቀው። ይሄን ሁሉ ሰው አባልተህ አንተስ ምን ትላለህ አለኝ። የጻፍኩለት ይሄን ነው። መክፈቻዬ ላይ ተሳስቻለሁ። አራት ከአንድ ይበልጣል፣ ምላሽ 17ም ልክ ነው። ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሰው ያየው ጣት ከአእምሮዬ አልወጣም። እግሩ ፈጣን ቢሆን ኖሮ ሰው አልፎ ሄዶ ያስቆጥር ነበር፣ የአራቱን ጓደኞቹን ቦታ በጣት ማሳየት አያስፈልገውም ነበር። እሱ ግን ማለፍ ስለማይችል ቀድሞ ማየት ነበረበት። የድሮ ጨዋታዎቹን ክፈቱና ኳሱን ተዉት፣ ዓይኑን ተከተሉ። ረጅሙ ጓደኛው መጥቶ ሰውየውን ሲከልልለት ሻራስ ፊቱ ያለውን ተከላካይ አያየውም። የሚያየው ወዲያኛው ጥግ የቆመውን ነው። ያ ተከላካይ አንድ እርምጃ ወደ መሀል ሲገባ ኳሷ ጥጉ ደርሳለች። የ2018ቱ ዣልጊሪስ የተጫወተው ይህንኑ ነው፣ በአምስት ሰው ተባዝቶ። በ1997 ኮሌጅ ፓርክ ያልሰሙት ልጆች ነበሩ፣ በ2018 የሰሙት። ጩኸቱን በተመለከተ ከምላሽ 14 ጋር ነኝ ብዬም ጨመርኩ፤ ምላሽ 15 ተቀየመኝ።

ናታንያ ያደገችው ሴትም ተመልሳ ስትመጣ የዣልጊሪስ ጨዋታ ሌሊት የሻራስን ፊት አግኝታው እንደሆነ ጠየቅኳት። አላገኘችውም። ካሜራው ሻርፕን ነበር የሚከተለው፣ ክፍሉ ውስጥም ሰዎቹ ማንም እንዳልወለደ ለአያቷ ለማስረዳት ተጠምደው ነበር።

ምላሽ 23 የመጀመሪያው ጨዋ ሰው ነው፣ ምላሽ 1። ሁሉንም አንብቦ ጨርሷል። እጅግ አመስግኖ ብዙ እንደተማረ ገለጸና የሰውዬው የአባት ስም እንዴት እንደሚነበብ እስካሁን ማንም እንዳልነገረው አስታወሰን። ያ ሲ ኬ ቪ ቹስ ብዬ ከፋፍዬ ጻፍኩለት። ሻራስ ብል ይሻለኛል አለ።